የረጋ ወተት በረካ፦ አይብን ከማዕዳችን አናርቀው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

በጅግጅጋ፣ በሽንሌ፣ በኤረር፣ በአውበሬም ሆነ በቀብሪበያህ ወተት የሌለበት ቤት ሙሉ ቤት ተደርጎ አይቆጠርም። እንግዳ የሚከበረው በወተት ነው። ሻሂው የሚፈላው በወተት ነው። ሕፃን ጡት ሲተው የሚያጽናናው ወተት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ነሕል 66ኛው አንቀጽ ከእንስሳት ሆድ ውስጥ፣ ከፈርስና ከደም መካከል፣ ለጠጪዎች የሚጥም ንጹሕ ወተት እንደሚያወጣልን ነግሮን በዚህ ውስጥ ማስተንተኛ እንዳለ አስተምሮናል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሌላ ምግብ ስንበላ ከእርሱ የተሻለውን፣ ወተት ስንጠጣ ግን ከዚያው እንዲጨምርልን አላህን እንድንለምን ማስተማራቸውን ኢብኑ ዓባስ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል።

ይህን ያህል ወተትን የሚያከብር ሕብረተሰብ ግን ከወተት ከሚገኙት ሲሳዮች አንዱን ወደ ጎን ትቶታል። እርሱም አይብ ነው። ጧት የተገዛው ወተት ከሰዓት በኋላ ሲኮመጥጥ አንዳንዱ ይጠጣል፣ አንዳንዱ በርካሽ ይሸጣል፣ ቀሪው ይደፋል። በዚያው ቤት ውስጥ ልጆች ቁርሳቸውን በስኳርና በሻሂ ይበላሉ፤ ለኢፍጧር ደግሞ ለስላሳ መጠጥ ይገዛል። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። አይብ ለእኛ ባዕድ ምግብ ስላልሆነ ወደ ማዕዳችን ሊመለስ ይገባል። የሚመለሰው ግን ከፈላ ወተት ሲሠራ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ምክሩ ጎዶሎ ይሆናል።

«የደገኛ ምግብ ነው» ለሚሉ

በአካባቢያችን አይብ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰማው መልስ «እርሱ የደገኛ ምግብ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አይብ በአገራችን በብዛት የሚታወቀው በደጋው ነው። በጉራጌና በስልጤ ወገኖቻችን ቤት ከጎመንና ከቆጮ ጋር ይቀርባል። በምዕራብ ጎጃም ደግሞ በቅመም አብላልተው ለረጅም ጊዜ የሚያቆዩት «ሜታታ» የሚባል የአይብ ዓይነት አለ። የሶማሌ አርብቶ አደር በበኩሉ ወተቱን ትኩሱን ይጠጣል፣ ያረጋዋል፣ ቅቤም ያወጣበታል እንጂ አይብ የመሥራት ልማዱ ደካማ ነው።

ይሁን እንጂ የሙስሊምን ማዕድ የሚወስነው የሰፈር ልማድ ብቻ ነው ወይ? የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ብንመለከት ወተትን አርግቶ፣ ውሃውን አጥልሎ፣ አድርቆ መመገብ የታወቀ ነበር። ዐረቦች «አቂጥ» ይሉታል። አቂጥ ማለት የደረቀ አይብ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ኢብኑ ዓባስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት አክስታቸው ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቅቤና አቂጥ በስጦታ አቅርበው እርሳቸውም ከሁለቱም በልተዋል። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ.) በዚያ ዘመን ለዘካተል ፊጥር ይሰጡ የነበሩትን ሲቆጥሩ ከገብስ፣ ከተምርና ከዘቢብ ጋር አንድ ቁና (ሷዕ) አቂጥንም አንስተዋል። በኸይበር መልስ በሶፊያ (ረ.ዐ.) ሠርግ ላይ የቀረበው ድግስ ደግሞ ከተምር፣ ከአቂጥና ከቅቤ የተሠራ «ሐይስ» ነበር። በተቡክ ዘመቻም ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አይብ ቀርቦላቸው ቢላ አስመጥተው፣ የአላህን ስም ጠርተው መቁረጣቸውን ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) አውርተዋል።

ይህን የምናነሳው አይብ መብላት ዒባዳ ነው ለማለት አይደለም። የሚበላ ሰው ይበላዋል፣ የማይወደው ይተወዋል። ዛሬ ዘካተል ፊጥርን በምን እንደምንሰጥም የሚመልሱልን ዑለማዎቻችን ናቸው። ማለት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። አቂጥ በሶሐቦች ቤት እንዲህ የተለመደ ከነበረ፣ በጅግጅጋ የሚኖር ሙስሊም የአቂጥን ዘመድ «የእኛ አይደለም» ብሎ የሚርቅበት ምክንያት የለውም።

ሌላም ጥቅም አለው። በሱቅ የሚሸጡ ብዙ የውጭ አገር የአይብ ዓይነቶች የሚረጉት ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ነው። የጥጃው አስተራረድ ስለማይታወቅ ዑለማዎች ብዙ የተነጋገሩበት ጉዳይ ነው። የእኛ አይብ ግን የሚረጋው በወተቱ በራሱ ኮምጣጣነትና በእሳት ሙቀት ነው፤ ምንም ማርጊያ አይገባበትም። በቤቱ የተሠራ አይብ የሚበላ ሰው ከዚህ ጥርጣሬ ነፃ ነው።

ግመልና ላም

«ታዲያ ከግመል ወተት ለምን አንሠራም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሲቲና በፋፈን ብዙ ቤተሰቦች ዋናው ወተታቸው የግመል ነውና። የግመል ወተት በተፈጥሮው እንደ ላም ወተት አይረጋም። ወተትን የሚያረጋው ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ሲሆን በግመል ወተት ውስጥ አወቃቀሩ ይለያል፤ ካፓ ኬዚን የሚባለው ዓይነትም በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚገኘው እርጎ ልስልስ፣ በጨርቅ ሲጠለልም በቀላሉ የሚበተን ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከግመል ወተት በዝንጅብል ጭማቂ ለስላሳ አይብ ለማውጣት ያደረጉትን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል። ጥረቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም ለጊዜው በማጀታችን በቀላሉ የሚሠራ አይደለም።

አያቶቻችን ለግመል ወተት ያገኙለት መላ ሌላ ነው። ወተቱን በጢስ በታጠነ ዕቃ ውስጥ አድርገው፣ ሸፍነው ያረጉትና «ዳናን» ይሉታል። እያሱ ሰይፉ የተባሉ ተመራማሪ በያኔው የሽንሌና የጅግጅጋ ዞኖች ስላለው የግመል ወተት አያያዝ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ይህንን ዘዴ መዝግበውታል። እንግዲህ ለግመል ወተት ዳናን፣ ለላም ወተት አይብ ብንል ሁለቱንም በየቦታቸው ማስቀመጥ ይሆናል። ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ ስለ ላም ወተት ነው።

በአይብ ውስጥ ምን አለ?

ከአይብ ክብደት ውስጥ ከመቶ ከ76 እስከ 80 የሚሆነው ውሃ ሲሆን ከ14 እስከ 15 የሚሆነው ፕሮቲን ነው። የስቡ መጠን ቅቤው ምን ያህል እንደተናጠ ይወሰናል። በቀላል አነጋገር 100 ግራም አይብ ወደ 14 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል እንደሚሰጥ ካሰብን፣ ጥቂት ማንኪያ አይብ ከሁለት እንቁላል ይበልጣል ማለት ነው። ሥጋ በየቀኑ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ፣ ለሚያድግ ልጅ፣ ጥርስ ለሌላቸው አባትና እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የወተቱ ስኳር (ላክቶስ) ከፊሉ በመርጋቱ ጊዜ ስለሚቀንስ፣ ከፊሉም ከአጓቱ ጋር ስለሚወጣ ትኩስ ወተት ሆዳቸውን የሚነፋቸው ሰዎች አይብን ይበልጥ ይችሉታል። ጨው ካልጨመርንበት በስተቀርም ጨው አልባ ስለሆነ የደም ግፊት ላለባቸው ይስማማል።

ጉድለቱንም መናገር ተገቢ ነው። አይብ በኮምጣጣነት ስለሚረጋ ከካልሲየሙ ብዙው ከአጓቱ ጋር ይወጣል። ስለዚህ ወተትን ሙሉ በሙሉ ሊተካ አይችልም። ወተትም አይብም በብረት ማዕድን ድሃ ናቸው። በመሆኑም አይብን ከጎመን፣ ከምስር ወይም ከሥጋ ጋር አጣምሮ መብላትና ሎሚ ጠብ ማድረግ ይመረጣል። ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ሻሂም ሰውነታችን ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ስለሚቀንስ፣ ሻሂውን አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት በተለይ ለነፍሰ ጡር እህቶቻችን ይጠቅማል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የፕሮቲኑን መጠን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ሳይፈላ አይሆንም

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። በአካባቢያችን «የፈላ ወተት የሞተ ወተት ነው፤ መድኃኒትነቱ ይጠፋል» የሚሉ አባቶችና እናቶች አሉ። አባባላቸው ከሜዳ አልመጣም። የግመል ወተት በቫይታሚን ሲ የታወቀ ነው፤ አትክልት በማይገኝበት በረሃ ለትውልድ ጠቅሟል። መፍላት ከዚህ ቫይታሚን የተወሰነውን ይቀንሳል። ነገር ግን ዛሬ በከተማ ቫይታሚኑን ከሎሚ፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ማግኘት እንችላለን። ፕሮቲኑንና ካልሲየሙን ደግሞ እሳት አያጠፋውም።

ባልፈላ ወተት የሚመጣው በሽታ ግን ከባድ ነው። ብሩሴሎሲስ ግመልን፣ ላምን፣ ፍየልንና በግን የሚይዝ፣ ባልፈላ ወተትና ከእርሱ በተሠሩ ነገሮች ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። ትኩሳቱ መጣ ሄደት ይላል። ሌሊት ያልባል። ወገብና መገጣጠሚያ ያማል፣ ጉልበት ይከዳል። ምልክቱ ወባንና ታይፎይድን ስለሚመስል ታማሚው የማይገባውን መድኃኒት ሲወስድ ይከርማል። ነፍሰ ጡርን ሊያስወርዳት ይችላል። ሕክምናው ከአንድ በላይ መድኃኒት በአንድነት ቢያንስ ለ6 ሳምንት መውሰድን ይጠይቃል። የከብት ሳንባ ነቀርሳም በዚሁ መንገድ ይተላለፋል።

«አይብ በእሳት ላይ ይጣድ የለም ወይ?» ሊባል ይችላል። ይጣዳል፤ ነገር ግን አይብ በልማድ የሚሞቀው ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ወተትን ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ለማጽዳት ቢያንስ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ መቆየት አለበት። እጅ እስኪችለው ብቻ ለብ ብሎ የወጣ አይብ እሳት ነካው እንጂ አልጸዳም። ሞገሴ አሸናፊ የተባሉት የማይክሮባዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት በሐዋሳ ገበያ ይሸጥ የነበረውን አይብ መርምረው፣ ከእጅና ከዕቃ ንጽሕና ጉድለት የሚመጡ ባክቴሪያዎች በብዛት አግኝተውበታል። ይህም የገበያ አይብ የሚገዛ ሰው እንዲጠነቀቅ፣ የሚችል ደግሞ በቤቱ እንዲሠራ የሚያስገነዝብ ነው።

ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓችን ዓላማዎች አንዱ መሆኑ የሚታወቅ ነው። በማህፀኗ ልጅ የያዘች እናት «ልማዳችን ነው» ተብሎ ያልፈላ ወተት ሲሰጣት ዝም ማለት ለእርሷ ማዘን አይደለም። ለአማትም ሆነ ለአያት ይህን በአክብሮት ማስረዳት የባል ኃላፊነት ነው።

አሠራሩ

የሚከተለው በማንኛውም ማጀት ሊሠራ የሚችል ነው።

1ኛ፦ ወተቱ ወደ ቤት እንደገባ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ ወዲያውኑ ማፍላት። ገንፍሎ ሲመጣ ወዲያው ከማውረድ ይልቅ እሳቱን ቀንሶ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይሻላል።

2ኛ፦ ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ፣ ለአንድ ሊትር አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ ንጹሕ እርጎ ማርጊያ መጨመር፣ ከድኖ ማሳደር። ማርጊያውም ከፈላ ወተት የተዘጋጀ ይሁን። በሽንሌና በኤረር ሙቀት ቶሎ ይረጋል፤ በጅግጅጋ ብርድ ወራት ግን እስከ አንድ ቀን ሊፈልግ ይችላል።

3ኛ፦ ቅቤ የምትፈልግ እህት እርጎውን ትናጠውና ቅቤውን ታውጣ፤ አሬራው ለአይብ ይሆናል። ቅቤ ካልተፈለገ እርጎው እንዳለ ይጣድ፤ አይቡ የሰባ ይሆናል።

4ኛ፦ በዝግተኛ እሳት ጥዶ ሳያማስሉ መተው። እርጎው ተሰብስቦ ሲንሳፈፍና አጓቱ ጠርቶ ቢጫ አረንጓዴ ሲመስል ይውረድ። እሳቱ ከበዛ አይቡ ይጠነክርና እንደ አሸዋ ይሻክራል።

5ኛ፦ ሲበርድ በታጠበና በፈላ ውሃ በተነከረ ነጭ ጨርቅ ማጥለልና ለሁለት ሦስት ሰዓት ማንጠልጠል።

ጊዜ ለሌላት ደግሞ አጭሩ መንገድ ይህ ነው። ወተቱ ፈልቶ ሳለ ለአንድ ሊትር ሁለት ሦስት ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጋ ቀስ ብላ ታገላብጠው። በደቂቃዎች ውስጥ ይለያል። ጣዕሙ ከባሕላዊው ትንሽ ቢለይም ከመግሪብ በፊት ለኢፍጧር ይደርሳል።

ሽታው የተለወጠ፣ ቀለሙ የተበላሸ ወተት ግን አይብ አይሆንም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ በማፍላት አይጠፋምና። ፍሪጅ የሌለበት ቤት አይቡን በተሠራበት ቀን ይጨርስ፤ በፍሪጅ ውስጥ ቢሆን እስከ ሦስት አራት ቀን ይቆያል።

አጓቱም አይደፋ፤ ማባከን ኢስራፍ ነውና። ዱቄት ለማቡካት፣ ሾርባ ለመሥራት ይሆናል፤ የተረፈውን እንስሳት ይጠጡታል።

በምን እንብላው?

በጧት ከላሆህ ጋር በስኳር ፋንታ አይብና ጥቂት ማር ማቅረብ ለልጆች የተሻለ ቁርስ ነው። ጎመን ቀቅሎ፣ ቅቤ አንጥሮ ከአይብ ጋር መለወስ የጉራጌ እህቶቻችንን ሙያ ወደ ቤታችን ማስገባት ነው። በረመዳን ለሳምቡሳ ሥጋ ሲወደድ አይብን በሽንኩርት፣ በቃሪያና በድንብላል ለውሶ መጠቅለል ይቻላል። ጨርቁን ጠበቅ አድርጎ ውሃውን ማውጣት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ አለበለዚያ ዘይቱ ይረጫል።

ሐይስን የመሰለ ምግብ ለመሥራት የሚሻ ደግሞ ፍሬው የወጣለት ተምር፣ በደንብ የተጨመቀ አይብና የቀለጠ ቅቤ አንድ ላይ አሽቶ ያድቦልብለው። የቀድሞው ሐይስ በደረቅ አቂጥ የሚሠራ ቢሆንም በትኩስ አይብም ይጥማል። ለሡሑር አንድ ሁለት ፍሬ ቢበላ ጾመኛውን ያቆየዋል። የስኳር ሕመም ያለበት ግን ተምሩን ይቀንስ።

ለሕፃናት፦ እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ሌላ ምንም አያስፈልጋቸውም። ከዚያ በኋላ ከፈላ ወተት የተሠራ፣ ጨው የሌለበት አይብ በገንፎ ውስጥ ላም አድርጎ መስጠት ይቻላል።

ኪሳችንና አማናችን

«ከየት ወተት አግኝተን?» የሚል ወገን ይኖራል፤ መልስ ይገባዋል። 1 ኪሎ አይብ ለማግኘት ወደ 8 ሊትር ገደማ ወተት ያስፈልጋል። ይህ ለብዙ ቤተሰብ ውድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በሶማሌ ክልል ብዙ አካባቢዎች ከብት አልቆ ለሕፃን የሚጠጣ ወተት እንኳ ጠፍቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ አይብ ማውራት አይገባም፤ ያለው ወተት ለሕፃናትና ለእመጫቶች ነው። ምክራችን ወተት ገዝታችሁ አይብ አድርጉት አይደለም። ቅቤ ከወጣለት አሬራ፣ ከተረፈ ወተት፣ በተለይም የካረን ዝናብ ዘንቦ ከሐምሌ እስከ መስከረም ወተት በሚበዛበት ጊዜ ይሠራ ነው። ያልተሸጠ ወተት ይዛ ለምትመለስ ነጋዴ እናትም ይህ የኪሳራ መውጫ ሊሆን ይችላል፤ ወተቱን ጧት አፍልታ ከሆነ።

ለሻጮች ወገኖቻችን ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛው ዕቃ ነው። አፈ ጠባብ የፕላስቲክ ጀሪካን ውስጡ በደንብ አይታጠብም፤ ቀድሞ ዘይት ወይም ጋዝ የያዘ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። አፈ ሰፊና ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ይሻላል። ሁለተኛው ውሃ መቀላቀል ነው። በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን እናቷ ወተቱ ላይ ውሃ ጨምሪ ስትላት «ዑመር ባያየን የዑመር ጌታ ያየናል» የሚል መልስ የሰጠችው ልጅ ታሪክ በየመስጊዱ ይወሳል። አይብ የሚሠራ ቤት ደግሞ የወተቱን እውነት ያውቃል። ውሃ የበዛበት ወተት በጨርቁ ላይ የሚተወው ጥቂት ነው፤ ቀሪው አጓት ሆኖ ይፈሳል።

አባወራዎችም ድርሻ አላችሁ። ማፍላት ከሰልና እንጨት ይፈልጋል። «ወተቱን ለምን አላፈላሽውም?» ከማለት በፊት የሚፈላበትን ማቅረብ ይቀድማል።

ውድ አንባቢያን! ከዚህ ጽሑፍ ሁሉም ነገር ቢረሳ አንድ ነገር ይያዝልን፤ ዛሬ ወደ ቤት የሚገባው ወተት መጀመሪያ ወደ እሳት ይሂድ። ከዚያ በኋላ ይጠጣ፣ ይርጋ፣ አይብም ይሁን። አላህ (ሱ.ወ.) በእንስሳቶቻችንና በማዕዳችን በረካ ያድርግ፤ ዝናቡንም የራሕመት ዝናብ ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።